ለዘይነባ ሁለት ገጽ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 1967 ዓ.ም.

ልጄ አልታዬ፣ በሄድሽበት ሁሉ እመብርሃን ትቅደምሽ፤ የሞስኮ ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አምና ረሃቡ ላሟን ወሰደብን፤ ዘንድሮ ግን የበልጉ ዝናብ ደግ ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ወዲህ አባትሽ ማሳውን በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደ ያየዋል።

ለጎረቤታችን ለዘይነባ የላክሽውን ደብዳቤ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ቀበሌያችን የመጣችው ተማሪ ስታነብላት ሰማሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ! የሴት ሆርሞን ጡት ውስጥ ሲለዋወጥ እባጭ ሊያሳድግ እንደሚችል፣ ጡቷን እንድትዳብስ፣ ካገኘችበት ደሴ ሄዳ እንድትታይ። ለእኔ የጻፍሽው ሰላምታ ብቻ ነው። ቀናሁ፤ አልዋሽሽም።

ስትወለጂ እኔ ታምሜ ወተት ስላጣሁ ያጠባችሽ እሷ ናት፤ አልክድም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያሳደጋት የእኔ ጡት ነው» ስትል ችዬ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ሐኪምነትሽም ለእሷ ሆነ።

ዘይነባ ዳብሳ ምንም አላገኘችም፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም ተደብቄ ዳበስኩ። በግራ በኩል የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር አለች። ይህን ከምትጽፍልኝ ከዘማቿ በቀር ማንም አያውቅም።

ልጄ፣ ያላጠባም ጡት ይታመማል። ለእኔም ሁለት ገጽ ጻፊልኝ። በእጅሽ ዳብሰሽ እስክታይው አምላክ ለአንቺም ለእኔም ዕድሜ ይስጠን።

የወለደችሽ እናትሽ
እታገኘሁ