ዋንጫው ላይ ያለው ፊደል

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እናትሽ ደህና ናት፤ እኔም ጆሮዬ ትንሽ ከመክበዱ በቀር አለሁ። ዛሬ ግን ወሬ የማበዛበት ፋታ የለኝም። የላክሽው ሽልማት ሰብሳቢ ዋንጫሽን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታቅፎት ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። "ለልጄ አንድ ነገር ጽፌ ልስጥህ" ብዬ ነው ያስቆየሁት፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

ሜዳልያዎቹንም የወርቅ ጫማውንም ከያሉበት ለቃቅሞልሻል አሉ። የቀረው ይሄ የመጀመሪያው፣ ኮከብ ግብ አግቢ የተባልሽበት ብቻ ነው። እሱ እንደደረሰ፣ ክለብሽ ለሚከፍተው የሽልማት ማሳያ አዳራሽ "ሁሉም ዋናዎቹ ናቸው" ብለሽ ትፈርሚያለሽ። እዚህ ላይ ነው ጭንቅ ጥብብ ያለኝ።

ልጄ፣ ይሄ ዋንጫ ያንቺ አይደለም። እኔ የሠራሁት ነው።

ሳትሰናበቺኝ የሄድሽ ዕለት ንዴቴ ልክ አልነበረውም። ኳስ ልጄን ነጠቀኝ ብዬ ያንቺን ዋንጫ ማቅለጫው ውስጥ ከተትኩት። ሳምንት ሳይሞላ ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳኝ። እናትሽ የት ሄደ ስትለኝ "ልወለውለው ወስጄው ነው" አልኳትና በሐሳቤ እያስታወስኩ አምሳያውን ሠራሁ። እጀታው፣ መቀመጫው፣ ሁሉም ቁርጥ እሱን። አንድ ነገር ላይ ብቻ እጄ እምቢ አለኝ። ያኔ ሜዳ ላይ የሚጠሩሽን ቅጽል ስም "ጸሀይ" ብለው ነበር የጻፉት። ዕድሜዬን ሙሉ ማኅተምና የበር ስም ስቀርጽ ኖሬ የልጄን ስም አሳስቼ ልጻፍ? "ፀሐይ" ብዬ ቀረጽኩት።

ታዲያ ዛሬ ሰብሳቢው የድሮ ፎቶ አውጥቶ በአጉሊ መነጽር ያስተያይ ጀመር።

"አባባ፣ ፊደሉ ተለየብኝ" አለ።

"እኔ ነኝ ያረምኩት" አልኩት። ውሸትም አይደል።

እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ። ሰውየው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ስንት ሽልማት ስሰበስብ አባት ያረመው አይቼ አላውቅም" ብሎ የማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ "በአባቷ እጅ የታረመ" ብሎ ጻፈ። ፊርማሽ የሚያርፈው ከዚያ ሥር ነው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝም ብል ዛሬ ማንም አያውቅም። አንድ ቀን የነቃ ሰው ግን "ይሄ የውሸት ከሆነ ሌላውስ?" ይላል። በላብሽ ያመጣሽውን ሁሉ በእኔ ጦስ ይጠረጥሩታል። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበትሽ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። ዛሬ ባልጽፈው ኖሮ ከሞትኩ በኋላ ነበር የምትሰሚው።

አትፈርሚ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ አንቺ ግን ለሰውየው ምን ትይዋለሽ? አባትሽን ልታጋልጪ ነው? ይህን ሸክም አላሸክምሽም። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ እሱ ራሱ ነው። ፖስታውን አላሸግኩትም። አሁን ወጥቼ እሰጠዋለሁ፤ "ከመነሳትህ በፊት እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አንብበው" እለዋለሁ።

ክፉ አይንካሽ፤ በሄድሽበት ይቅናሽ። ተቆጪኝ፣ ብቻ ዝም አትበይኝ።

ቀራጩ አባትሽ