የዊንስካሮች ገመድ

ለምወድህ ልጄ ለክሊፎርድ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? ኒውዚላንድ አሁን ብርድ ነው ሲሉ ሰምቼ እጨነቃለሁ፤ መቼም ሹራብ ልበስ ካላሉህ አትለብስም። እኛ ከእኔ ጉልበት በቀር ደህና ነን፤ ደህና ማለት ይህ ከሆነ።

የዘንድሮውን የገመድ ጉተታ ልንገርህ። ከወንዙ ማዶ የመንደሩ ሰው፣ ከወዲህ የእኛዎቹ፣ የዊንስካር ቤተሰብ ወንዶች፤ ስምንት ለስምንት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን የእኛዎቹ ሰባት ቀሩ። ወንድምህ ሌኒ ገመድ ጎተራው ምሰሶ ላይ አስሮ ሲጎትት ከርሞ መዳፉ ተላጠ። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግነው፣ ስማችንን ይዞ ያደገ ልጅ። «ዘንድሮ በክሊፎርድ ቦታ እኔ ነኝ፣ አይደል እማዬ?» ሲለኝ፣ «ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

በዕለቱ ቦት ጫማውን አጥብቆ ሲመጣ አጎትህ ሃዋርድ፣ «አንተ ደግሞ ወዴት ነው? ይልቅ ኮታችንን ያዝልን!» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌኒ አባትህን አየው። አባትህም ገመዱን እንደያዘ፣ «ስም ሰጥተንሃል፤ ደም ከየት እናምጣልህ? የክሊፎርድ ቦታ ባዶ ይሁን» አለ። «አንተ ልበ ደንጋይ!» ብዬ ጮኽኩ። «አንቺም የገባሽው በጋብቻ ነው» አለኝ ሃዋርድ።

ከማዶ ሥጋ ሻጩ ባክስተር ይህን ሰምቶ፣ «ና ወዲህ ሌኒ! እኛ ዘር አንቆጥርም፤ እኔ ቦታዬን እለቅልሃለሁ» አለው። ልጁ ድልድዩን ተሻግሮ የባክስተርን ቦታ ያዘ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰባቱንም እየጎተተ ውኃ ውስጥ ሲከታቸው አጨበጨብኩ። አባትህ ከፊት ስለነበር መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነው፤ ድንጋይ አግኝቶት ትከሻው ወለቀ። ሌኒ ገመዱን ጥሎ ውኃው ውስጥ ገባና ሊያነሳው እጁን ዘረጋለት። አባትህ እጁን መትቶ፣ «አላልኳችሁም? የእኛ ደም ቢሆን እንዲህ ያደርገን ነበር?» አለ።

ሌኒ በማግስቱ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ሊድስ ከተማ ፋብሪካ ገብቷል ይላሉ።

እህትህ ኢዲት በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሃለች። አጎትህ ሃዋርድ እንደ ወትሮው ነው፤ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም። ሌኒ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለክሊፎርድ ቦታውን አልነካሁበትም በይልኝ» ብሏል። አባትህም ሰላም ብሎሃል፤ ክንዱ ስለታሰረ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ሕፃኑን አገላብጠህ ሳምልኝ። አባትህ፣ «ሲያድግ መጥቶ በአባቱ ቦታ ይጎትታል» እያለ ለጎረቤት ያወራል።

ልጄ፣ እንዳታመጣው።

እናትህ ማርጀሪ
ኦተርዴል፣ ዮርክሸር
ኦገስት 19 ቀን 1961