አባዬ፣ የእርቁን ወረቀት አወጣሁት

ለምናፍቅህ አባቴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ሁዳዴ ሊገባ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢህን ደርቤ ነው ከቤት የምወጣው። እማዬ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላው ቤታችን መጥታ አብራኝ መኖር ከጀመረች ሰንብታለች። መጀመሪያ የኮንዶሚኒየም ደረጃ አልወጣም ብላ አስቸግራኝ ነበር፤ አሁን የሕንፃው ሴቶች ሁሉ አማካሪ ሆና ቁጭ ብላለች። የጎረቤላውን ቤት አጎቴ ይጠብቀዋል። ንቦችህ ግን አንተ በሄድክ በዓመቱ ቀፎውን ትተው ሄዱ። የተቀመጥኩት ይህን ልነግርህ አልነበረም። ዙሪያውን የምዞረው ዋናው ነገር ከብዶኝ ነው።

በሕይወት ሳለህ ዋሽቼሃለሁ፣ አባዬ።

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ያስቸገረኝን ጊዜ ታስታውሳለህ። ከማሽኔ ጀርባ ቆሞ ስለ ሰውነቴ ያወራ ነበር፤ ቅዳሜ ቤቱ ካልመጣሁም ፈረቃዬን እንደሚቀይርብኝ ነገረኝ። ይህን ያወራሁት ለእማዬ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ ላንተ ለማድረስ አንድ ቀን አልፈጀባትም። በማግስቱ አብሮህ ከሚያሸማግለው ከጋሽ ወልዴ ጋር በመጀመሪያው መኪና ከአንኮበር መጣህ። በወሰን የተጣላውን፣ የተኳረፈውን ባልና ሚስት፣ ደም የተቃባውን ሳይቀር ያስታረቅህ ሰው ነህና ይህንንም እንደዚያው ያዝከው። የፋብሪካውን የሰው ኃይል ኃላፊ ጠርተህ አጠገብህ አስቀመጥክ። ሱፐርቫይዘሩ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና እግሬ ሥር ተንበረከከ። አንተ ድንጋዩን አነሣህለትና ይቅር በይው አልከኝ። ይቅር አልኩት።

ከዚያ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈትህ የእርቁን ወረቀት ጻፍክ። የሁለታችንንም ስም፣ የሽማግሌዎቹን ስም፣ ከሥር ደግሞ ፊርማ፤ የሰው ኃይል ኃላፊውም ፈረመ። የደረሰብኝን ነገር ምን ብለህ እንደምትጽፈው ጨንቆህ እስክሪብቶውን እንደያዝክ ቆየህ። በመጨረሻ “በሥራ ቦታ በተፈጠረው አለመግባባት” ብለህ ጻፍከው። እኔ እንዳላፍር ብለህ ነው፤ ያኔም ገብቶኝ ነበር። ስንት አባት አለ ምን ለብሰሽ ነበር ብሎ የሚጀምር። አንተ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ አልወጣም፣ እኔም በዚያ ቀን ኮርቼብህ ነበር።

ሰውዬው እኔን ተወኝ። ታመህ ከተኛህ በኋላ ልጠይቅህ በመጣሁ ቁጥር ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ ትለኝ ነበር። ደህና ነው፣ ሰው ሆኗል እልህ ነበር፤ ፊትህ በራ ሲል ማየት ደስ ስለሚለኝ። እውነቱ ግን እኔን ትቶ ከእኔ ሦስት ማሽን አልፋ ወደምትሠራው ልጅ ሄዶ ነበር።

ልጅቷ ለምለም ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ከእናቷና ከታናናሾቿ ጋር እዚህ መጠለያ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ አባቷ ከዚያ አልወጣም። የቤቱ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ሰውዬው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ላንቺ የሚያሸማግልልሽ ማን አለሽ ብሎ በግልጽ ነግሯታል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ታርቄያለሁ አልኩ፤ ከእርቅ በኋላ ስሙን በክፉ ማንሣት አንተን ማዋረድ መሰለኝ። በዚህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት የሠራተኛ ማኅበሩ ሥልጠና ብሎ ሰበሰበን። ግማሾቻችን የገባነው ሻይ አለ ስለተባለ ነው። አንዲት የሕግ ባለሙያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ይዛ “ወሲባዊ ትንኮሳ” የሚል አነበበች። ሳቅን። ለእኛ ትንኮሳ ልጆች ነገር ሲፈላለጉ ነው። እሷ ግን ሳቃችን እስኪያልቅ ጠብቃ ቀጠለች፤ እጁ ባይነካሽም፣ በቃል ይሁን በምልክት፣ ያለ ፈቃድሽ ለዚያ ነገር መጎትጎት በሕግ የተከለከለ ነው አለች። አሠሪው ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ እሱም ይጠየቃል አለች። “ተነግሮት” ስትል የሰው ኃይል ኃላፊው ካንተ አጠገብ ተቀምጦ ሲፈርም ታየኝ።

በዚያ ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ጠብ እንዲኖር ሁለት ሰው መጣላት አለበት። እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ታዲያ ከምኑ ነው የታረቅኩት? አንተን ብጠይቅህ ኖሮ ጢምህን እየደባበስክ ብዙ ታስብበት ነበር፣ አውቅሃለሁ።

ያወቅሁትን ለለምለም ነገርኳት፤ አቤቱታ አቀረበች። ፋብሪካው ሳይሰማት ሲቀር ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደችው። ፋብሪካው በሰጠው መልስ ስለዚህ ሰው ከዚህ በፊት የቀረበልን ቅሬታ የለም አለ። ኃላፊያቸው የፈረመበት ወረቀትህ የት እንዳለ አውቃለሁ። ዳዊትህ ውስጥ አጥፈህ አስቀምጠኸዋል። እዚያው አገኘሁት፣ ለለምለም ጠበቃም እንደምሰጠው ነገርኩት።

ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ወልዴ ሰውዬውን አስከትለው መጡ። ሰውዬው ዛሬም ድንጋይ ተሸክሟል። ያንን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መውጣቱን ሳስብ አሁን ሳቄ ይመጣል። ጋሽ ወልዴ በአባትሽ አጥንት ይዘንሻል አሉኝ። ወረቀቱ ከወጣ ያን ሁሉ ያስታረቀ ሰው ነውር ሸፍኖ ሞተ ይባላል፣ ስሙን አታስነሺ አሉኝ። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ላንተ የቀረህ ስምህ ነው።

እማዬ ቀደመችኝ። እዚያች የለምለም እናት ደጃፍስ ሄዳችሁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልዴ አቀረቀሩ። አልሄዱም ነበር። የመጡት አባቷ ወደሚታወቀው ልጅ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ብድግ አልኩ። ለጋሽ ወልዴ ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠብ የለኝምና የምታረቀው የለኝም አልኳቸው። የሰውዬው አንገት ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንጋዩን አላነሣሁለትም። ቆይቶ ራሱ አወረደው፤ ሲሄዱም እዚያው ትተውት ሄዱ። እማዬ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ታስደግፍበታለች።

ማክሰኞ ችሎት ቀርቤ እመሰክራለሁ፣ አባዬ። ወረቀቱን የጻፈው አባቴ ነው እላለሁ፤ ስምህን ሙሉውን እጠራለሁ። ልጁን ለማዳን በሚያውቀው መንገድ ሁሉ የመጣ ሰው ነበር እላለሁ። ያ መንገድ ለምለምን እንዳላዳናትም እናገራለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን አልደብቅም።

ደግሞ እንዳትቀየመኝ አልልህም፤ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ የማልረሳው እስክሪብቶውን ይዘህ የቆየህባትን ያችን ደቂቃ ነው። ቃሉ ከብዶህ እኔን ቀና ብለህ ያየኸኝን። ዳኛዋ ይህ አለመግባባት የተባለው ምንድን ነው ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ ጋቢህን ለብሼ ቆሜ፣ አንተ ልትጽፈው የከበደህን ቃል እኔ እነግራታለሁ።

ልጅህ ስንዱ