ስንቁን እቤቱ የጨረሰ መንገደኛ

ይድረስ ለልጄ ለስሜነሽ፣

«ጋሽ ቀለሙማ ሄደዋል፤ ከሄዱም ቆዩ» ስትል ሰማኋት፤ ባለፈው ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ተሰልፈን፣ ከፊቴ ካሉት ሴቶች አንዷ። ሴትዮዋ ቁም ነገረኛ ናት፤ ስትዋሽም ሰምቼ አላውቅም። እህሌን ታቅፌ ከኋላዋ እንደቆምኩ ነገሩን አሰብኩበትና እውነቷን ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ከሄድኩ ዘንድ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ ይገባኛል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው የሄደ ሰው ነውና።

እንግዲህ ከሄድኩበት ከቢቸና፣ እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? በሆድሽ ያለውስ ይራገጣል፣ ወይስ እንደ አያቱ አርፎ መቀመጥ ይወዳል? ይታገስ ባለቤትሽ ያን የማታ ፈረቃውን ተወው? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አምላክ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ አይናገርም።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልኝ ንጋት የምትባል ነርስ ናት፤ ከሆሳዕና መጥታ እዚህ ጤና ጣቢያ የተመደበች። ሰሞኑን መንገዱ ስለተከፈተ በደጀን አድርጋ አዲስ አበባ ትገባለች፤ እዚያ ኔትወርክ ስታገኝ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ጽሑፌን ከወትሮው ያጎላሁት ለዚህ ነው። በስልክ ስንገናኝ አንቺ «አባየ፣ የቤቱስ ነገር?» ስትይ መስመሩ የመቆረጥ አመል ስላለው፣ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። የካናዳ ቪዛዬ ጥር 30 ላይ እንደሚቃጠል፣ አንቺም በጥር አጋማሽ እንደምትወልጂ አልረሳሁም። ቀን መቁጠሪያውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከዕቃዬ ያልሰጠሁት እሱን ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በሐምሌ ነው። ምናለ ደላላው «ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት ካልሸጥኩልዎ ስሜን ይቀይሩት» አለኝ፤ አመንኩት። ሰፈሩም አመነውና የሽኝት ድግስ ደገሰ። ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ በርበሬው፣ ሽሮው በየዓይነቱ ታሽጎ መጣ። የጎረቤታችን ወይዘሮ ማናለሽ አንገቴን አቅፋ እንዳለቀሰችው፣ ባሏን ስትቀብር እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። የእድሩ ዳኛ ስሜን ከመዝገብ ሰረዘ፤ የሚካኤል ማኅበርም የጽዋ ተራዬን ለሌላ ሰጠ። እኔም በበኩሌ አልጋውንና ወንበሩን አደልኩ፤ መጻሕፍቴን ጡረታ እስክወጣ ለሠራሁበት ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስረከብኩ።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ምናለ ስሙን አልቀየረም።

በእኛ አገር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም። ሰፈሩ እንባውን አውጥቶ ጨርሷል፤ እኔ ግን በማግሥቱም ወተት ልገዛ ወጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ውይ፣ አልሄዱም?» እያሉ ደስ ይላቸው ነበር። ቆይቶ «አልሄዱም እንዴ?» ሆነ። አሁን የተዋሰውን ድስት ያልመለሰ ሰው በሚታይበት ዓይን ያዩኛል። ድስት የምዋሰውም እውነት ነው፤ ያውም የገዛ ድስቴን።

ስንቁን ፍልሰታ ስትፈታ ለመቅመስ ያህል ነካሁት። በጳጉሜን ዳቦ ቆሎው አለቀ፤ በጥቅምት በሶው ተከተለው፤ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት የተገኘሁትም ሽሮው አልቆብኝ ነው። በበላሁት ልክ ቢሆን ኖሮ ካናዳ ደርሼ በተመለስኩ ነበር።

ማንበብ ሲያምረኝ ደግሞ የራሴን መጽሐፍ ልዋስ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ያለችው ፍሬ ናት፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔው። «መታወቂያ፣ ጋሼ» አለችኝ። ኧረ መጽሐፉ ላይ እኮ ስሜ ተጽፎበታል ብላት «ለሚያውቁት ሰው ብለሽ ደንብ አታፍርሺ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች። ትክክል ናት። መታወቂያዬን አስያዝኩ። በአምስተኛው ቀን መልሼላት ሽፋኑን አገላብጣ ካየች በኋላ ተቀበለችኝ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ገዢ አልጠፋም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምናለ እንደሚለው። ቤት ሊያይ የመጣውን ሁሉ እጁን ይዤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ አሳየው ነበር። ጓሮው በሐምሌ ውኃ እንደሚተኛበት፣ የጓዳው በር ከፍ ካላደረጉት እንደማይዘጋ፣ ምስጡ የያዘው የትኛውን ምሰሶ እንደሆነ አስረዳው ነበር። አራት ገዢ እንዲህ አድርጌ ሸኘሁ። ምናለ አራተኛው ሲሄድ ኮፍያውን አውልቆ «ጋሼ፣ ቤት እየሸጡ ነው ወይስ ንስሐ እየገቡ?» አለኝ። አስቤበት እነግርሃለሁ አልኩት።

ከመስቀል በኋላ ግን አቶ አካለ ወልድ የሚባል የጤፍ ነጋዴ ከሞጣ መጣ። የሚያፈሰውን ሳሳየው አልሸሸም፤ ብዕር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ሚስቱን አስናቀችን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ዝርዝሩን እያነበበች ቤቱን ዞራ ስታበቃ፣ ከምድጃው በላይ አንዲት ቀዳዳ አግኝታ «ይችን ረስተዋታል» አለችኝ። ረስቻታለሁ። ወደ ባሏ ዞራ «ነውሩን ደጅ ያሰጣ ቤት ጓዳው ንጹሕ ነው፤ ግዛው» አለችው። የቀረውን ከታች እጽፍልሻለሁ።

ልጄ፣ ሄዷል መባል የሚያሳርፍ ነገር አለው። ለእርቅ ና የሚለኝ የለም፤ ማመልከቻ ጻፍልኝ ብሎ የሚያንኳኳ የለም። ማለዳ ከገበያው በላይ ወዳለው ዳገት ቀስ እያልኩ እወጣና ከተማዋን አያታለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሬባት ቀና ብዬ ያየኋት ከሄድኩ በኋላ ነው። በየቀኑ የማልፍበት መድኃኒት ቤት በሩ አረንጓዴ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ወር ነው። ባሻገር ጤፍ እየታጨደ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሰዎቹ አንድ የጠፋባቸው ነገር ፍለጋ ያጎነበሱ ይመስላሉ።

እዚህ ሄጄም እንኳ ሰላምታ አላጣሁም። አንቺ ዘንድ ስመጣ ግን «መጡ» የሚለኝ ከአንቺና ከይታገስ በቀር ማን ነው? ይህን አንዳንዴ አስበዋለሁ። ፈርቶ ነው እንዳትዪ። ፈርቼ ቢሆን እነግርሽ ነበር፤ የቤቱን ቀዳዳ ለባዕድ የሚያሳይ ሰው ከልጁ የሚደብቀው የለውም።

እናትሽ ብትኖር መምጣት የሚገባት እሷ ነበረች፤ የአራስ ገንፎሽንም እሷ ታገነፋልሽ ነበር። አሁን የቀረሁሽ እኔ ነኝና ከወይዘሮ ማናለሽ አገነፋፉን እየተማርኩ ነው። ሁለት ጊዜ ጓጉሎብኛል። በሦስተኛው አንዴ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠችና «አራስ ሲርባት ትበላዋለች» አለች። ስለዚህ ትኬቱን ከገና በኋላ፣ ለጥር 3 ቁረጪልኝ። መስኮት ዳር ይሁን አትበያቸው፤ ታች ሳይ ሐሳቤን እንዳልቀይር።

ይታገስን ሰላም በይልኝ፤ ስልክ ባነሣ ቁጥር «እንመጣና እንወስድዎታለን» የሚለውን ይተወው፤ እኔ ዕቃ አይደለሁም። በሆድሽ ላለው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እስክደርስ እንዲታገሠኝ ንገሪው። ወይዘሮ ማናለሽ ከእነልጆቿ «እንደምን ከረመች?» ብላለች። ምናለ ሰላም ይልሻል፤ በዚያ በኩል የሚሸጥ ቤት ካለ እንድታሳውቂው ለምኗል። ፍሬም ሰላም ብላሻለች፤ አሥረኛ ክፍል ሳለሽ የወሰድሽው የባዮሎጂ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አባትሽ ቀለሙ
ቢቸና፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

የቀረው፦ አካለ ወልድና አስናቀች እስክሄድ እንድቀመጥበት ፈቅደውልኝ ነው እንጂ፣ ቤቱ የተሸጠው ጥቅምት 24 ቀን ነው።