የጠመንጃው ማርሚታ

ጳጉሜ 2፣ ጠዋት

ደጃፌ ካለው የዒላማ ሱቄ ጣሳዎቹን ደርድሬ ጨረስኩ። ከረሜላው በሣህን ላይ። ሁለቱ የአየር ጠመንጃዎች ተወልውለዋል። ዒላማ የሚመታ ጎረምሳ ግን የለም፤ ዝናብ። አንተ ደብተር፣ ዛሬ ካንተ ሌላ ደንበኛ የለኝም።

እንጀራችን ከአሁን እስከ መስቀል ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ።

ሊዲያ ግን ዛሬም ከቤት አልወጣችም። በተተኮሰ ቁጥር አልጋ ሥር ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ት/ቤት ሊከፈት ነው፣ ልጄ ክረምቱን ሙሉ የግቢውን በር አልረገጠችም። ባለቤቴ ፀሐይ ትናንት ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ለምሳ መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ። ወይ ድምፁ ይቀንሳል፣ ወይ ዒላማው ከደጃፋችን ይነሳል። ተነሥቼስ የት? በዚህ ጊዜ ጧ የሚል ነገር ይዤ መናኸሪያ አጠገብ ብቆም ሰው ሲሸሽ ይረግጠኛል።

ጳጉሜ 4

ጀማል ቶርኖ ቤት ሄድኩ። አፈሙዙ ላይ የሚገባ ድምፅ መቀነሻ ሥራልኝ አልኩት። ሳቀ። የጭስ ማውጫ ጩኸት የሚያፍነውን የባጃጅ ማርሚታ ያውቃል፣ የጠመንጃ ማርሚታ ሰምቶ አያውቅም። ወዲያው ሳቁ ጠፋና በሩን አየ።

“ወላሂ አልነካውም! ነገ አንዱ ያይና ጀማል ድምፅ የሌለው መሣሪያ ይሠራል ቢል፣ የአየር ነው ብዬ ማንን ላስረዳ? ልጆች አሉኝ አቦ!”

እውነቱን ነው። እኔስ ይህን እንዴት ሳላስብ ሄድኩ? ባዶ እጄን ግን አልሰደደኝም፤ አሮጌ የጎማ ላስቲክ አሸከመኝ። ግማሹ ጩኸት የጣሳው ነው፣ ከኋላው ስቀለው አለኝ።

ከአንደኛው ጠመንጃ ጋር የመጣ አጭር መቀነሻ ሣጥኑ ሥር አገኘሁ። ድሬዳዋ ያለው ወዳጄ ደግሞ ረጅም የፋብሪካ አለኝ፣ በሚኒባስ እልካለሁ ብሏል። መንገድ ላይ ቢፈተሽስ? ስሜ ቢጠራስ? እንቅልፍ የለኝም።

መስከረም 2

በዓሉ አለፈ። ተኳሹ ብዙ፣ የእኔ ልብ አልጋው ሥር።

የድሬዳዋው መቀነሻ ደረሰ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ልኮታል፣ ጅል! ማንም አልፈተሸውም። ተመስገን።

አከራያችን አዴ ፋጡማ ልጅቷ ደንግጣለች፣ ቁርአን ይቀራላት ይላሉ። ፀሐይ አዝላ ጠበል ወስዳታለች። መደንገጧንማ ማን አጣው? ሰኔ ላይ ከአዋሽ ስንመለስ፣ ቦርደዴ ሳንደርስ፣ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙ። ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊዲያ ጭኔ ላይ ናት፣ በመስኮቱ በኩል። ሾፌሩን አወረዱት። አንዱ እመስኮታችን ሥር ቆሞ ጠመንጃውን አቀባበለ። ብዙ ቆየን። ኋላ ሂዱ አሉን። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ጥይት ሳንሰማ ተረፍን እላለሁ።

መስከረም 4፣ ከሰዓት

ሙከራ። ሱቅ ዝግ። ሊዲያ ጓዳ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ። ደንቡን ነገርኳት፤ ሲሰማሽ ግድግዳውን አንኳኪ። ፀሐይ የግቢው በር ጋ ቆማ ታዳምጣለች። ስልኬ ድምፅ እንዲለካ ጣሳዎቹ አጠገብ ተቀምጧል።

ባዶውን፣ ያለ መቀነሻ፦ ጧ። አንኳኳች።

አጭሩን፦ ያው ጧ፣ ጉንፋን የያዘው። ስልኩም ልዩነቱን እምብዛም አላየውም። አንኳኳች።

የድሬዳዋውን ከነላስቲኩ፦ ጡፍ። አቤት! የአዴ ፋጡማ ፍየል ከማመንዠክ አላቆመችም። ስልኩ ላይ ያለው መርፌ ከግማሽ በታች ወረደ። ፀሐይ ደብተር የተዘጋ መስሎኝ ነበር አለች። በደስታ ልጮህ ስል፣ ኳ ኳ። አንኳኳች።

በቀዳዳ እያየች ይሆናል ብዬ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ደገምኩት። አንኳኳች። ጆሮ ነው ይሄ ወይስ ምን? ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

መስከረም 6

በጡፉ እየሠራሁ ነው። ጎረምሶቹ ያሾፉብኛል። ጋሼ፣ ይሄ ተኩስ ነው ወይስ ሳል? አንዱ ገንዘቡን አስመለሰ። ይሁን። ለልጄ ነው።

ግን ባሰባት። ድሮ ከአንዱ ተኩስ እስከሚቀጥለው ድረስ ብቅ ትል ነበር፤ ውሃ ትጠጣለች፣ ድመቷን ታባርራለች። አሁን ሱቅ ከዘጋሁ በኋላም አትወጣም። ዛሬ ፍራሹን አረጠበች። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ለእሷ ብዬ።

ት/ቤት ተከፈተ። መምህሯ ደወለች። አተኩሷት ነው አልኩ።

ደግሞ ይሄን ስማ። አዴ ፋጡማ ፍየሏን ሊያወጡ የግቢውን መቀርቀሪያ ሳቡ። ሊዲያ ጮኸች። በመቀርቀሪያ! በቃ ድምፅ የተባለ ሁሉ ሊያሳብዳት ነው። ፀሐይ አልጮኸችብኝም፤ የረጠበውን ፍራሽ ብቻዋን ተሸክማ አጥር ላይ አሰጣች፤ እሱ ይብሳል።

መስከረም 8

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ዛሬ ሌላ ላስቲክ ጨምሬ እንደገና ልሞክር ተነሣሁ። እሷ ጓዳ፣ ፀሐይ በሩ ጋ። ላቀባብል አፈሙዙን አጠፍኩ፣ ቀጭ አለ፣ መለስኩት፣ አነጣጠርኩ። ፍየሏ ዘው ብላ ጣሳዎቹ ፊት ቆመች። ጣቴን ከምላጩ አነሣሁ። አልተኮስኩም።

ኳ ኳ።

ፀሐይ በዓይኗ ምንድነው አለችኝ። ፍየሏን አባረርኩ። ሌላኛውን ጠመንጃ አነሣሁ፤ አጠፍኩት፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ኳ ኳ።

መቀርቀሪያው ትዝ አለኝ። ቦርደዴም፣ እመስኮታችን ሥር የተቀባበለው ጠመንጃ። እዚያ እኮ ተኩስ አልነበረም! ስንት ጊዜ በገዛ አፌ አልኩት? እኔ ሞኝ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ድምፅ ልቀንስ ድሬዳዋ ድረስ ላኩ።

ገባሁ። ሥሩ የተደበቀችበት አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀጭ ሲል ነው የምትፈሪው? አልኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ድሮ ቀጭ ካለ በኋላ ጧ ይላል፣ ያኔ ያልቃል፣ አለችኝ። አሁን ግን ጧ ስለማይል አያልቅም፣ አለች።

ከአልጋው ሥር ራሷን ብቅ አድርጋ፣

“አባዬ፣ የአውቶቡሱ ሰውዬዎች መቼ ነው የሚተኩሱት?” አለችኝ።

ልጄ ከሰኔ ጀምሮ እየጠበቀች ነበር። እኔ ደግሞ የምታገኘውን ማብቂያ፣ ያንን ጧ፣ ቀምቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። አቅፌአት አለቀስኩ። አይተኩሱም፣ ሄደዋል አልኳት። አንተ ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ አለችኝ።

መስከረም 10

ጠመንጃዎቹን የፀሐይ ወንድም ወደ ሂርና ወሰዳቸው። እዚያ ይሥራባቸው፣ ወይ ይሽጣቸው። የድሬዳዋውን መቀነሻ እንደመጣው በካልሲው መለስኩ። መስቀል ሳይደርስ፣ ገበያ በሞቀበት! ይቆጨኛል፣ አልዋሽህም።

ጀማል ቀለበት ሊሠራልኝ ነው፤ የለስላሳ ጠርሙስ አንገት ላይ የሚወረወር። ይሄንማ አደባባይ አስጥቼ እሠራዋለሁ አለኝ። ጎረምሶቹ ይምጡ አይምጡ እንጃ። ቤት ኪራዩም እንጃ።

ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ከመክፈቴ በፊት፣ ሊዲያ፣ መቀርቀሪያውን ልስብ ነው፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ሌላ ምንም የለም ብዬ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ጆሮዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። ሳብኩ። ቀጭ። በሩ ተከፈተ። ፍየሏ ወጣች። ሊዲያ ከፍየሏ ኋላ ያለውን መንገድ ብዙ አየችው። አልጋ ሥር አልገባችም።

ከሰዓት ዘይት ይዤ መቀርቀሪያውን ልቀባ ሄድኩ፣ ድምፁ እንዲጠፋ። ጀምሬ ተውኩት። ይሰማ፤ ከቀጭ በኋላ በሩ እንደሚከፈት ትወቀው። ሰኞ ት/ቤት ስንሄድ ግን የምትስበው ራሷ ናት፤ ቁመቷ እንዲደርስ የተኩስ ጠረጴዛውን በርጩማ በሩ ሥር አድርጌዋለሁ።