እንቁላል የጣለው ሻምበል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ማሚት፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትዪ ያስቸግርሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ትንሽ ገለጥ አለላት? ጋሽ ዋቁማስ ደኅና ናቸው? የቢሊሴ ትምህርት እንዴት ሆነ? የሽንኩርቱ ማሳ ዘንድሮ ውሃ አገኘ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከብርዱ በስተቀር የሚያስቸግረን የለም። ብርዱን ባልነግርሽ ይሻላል። ጠዋት የተማሪ አውቶቡሴን ላሞቅ ስወጣ ትንፋሼ ጢሜ ላይ በረዶ ይሠራል። ባለቤቴ ባየሽ ሆስፒታል ሥራዋ ላይ ናት፣ እዚያው ሆና ትስምሻለች። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ልጄ ስለ ሊና ነው፤ ስለ አንቺም ጭምር።

መቂ ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የህንዱን ፊልም በአማርኛ ይተርክልን የነበረውን ሰውዬ ታስታውሽው የለ? አንቺ እንኳ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ምን ትሠራለች ተብለሽ ገብተሽ አታውቂም፤ እቤት ስመለስ እሱን እያስመሰልኩ ስነግርሽ ነበር ሆድሽን ይዘሽ የምትስቂው። እኔ ዛሬ ሴንት ፖል ላይ እሱን ሆኜልሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ ለልጆቹ አማርኛ እናስተምራለን። ፊደል መቁጠሩ ሲሰለቻቸው የካርቱን ፊልም ይከፈትላቸዋል፤ እኔም ድምፁን እዘጋና ማይክ ይዤ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ የተወለዱ ልጆች በአማርኛ ስታናግሪያቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልሽ፤ ለሳቁ ሲሉ ግን ጆሯቸውን ይሰጡኛል። የእኔዋ ሊናም ዘጠኝ ዓመት ሞላት እንጂ ከዚያ የተለየች አይደለችም። ነይ እራት ብዪ ስላት "አይ አም ኮሚንግ" ነው መልሷ።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ የወፍ ፊልም ከፈትን። ወፉ ቃል አይናገርም፤ ከአውሎ ነፋስ ጋር ይታገላል፣ መንገድ የጠፋባቸውን ወፎች እየመራ ባሕር ያሻግራል። እኔም ሞቅ አለኝና ሻምበል ብዬ ስም አወጣሁለት። ሻምበል ጀግናው፣ ሻምበል አባ መብረቅ እያልኩ አዳራሹን አናወጥኩት። ፊልሙን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ፤ ያን ሳምንት ጊዜ አላገኘሁም። መጨረሻው ላይ ሻምበል ጎጆው ውስጥ ቁጭ አለና ሦስት እንቁላል ጣለ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ወላጆችም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። እስከ ዛሬ ድረስ ፓርኪንግ ሎት ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሻምበል በሰላም ተገላገሉ ወይ ይለኛል።

ያልሳቀችው ሊና ብቻ ነበረች። መኪና ውስጥ እንደገባን ደብተሯን አወጣች። ለካስ ልጄ ከመስከረም ጀምሮ ያሳየናቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ ስትመዘግብ ኖራለች። አሥራ ስምንት ፊልም አይተናል፤ በአሥራ አምስቱ ጀግናው ወንድ ነው። አንበሳው ወንድ፣ ድቡ ወንድ፣ ባቡሩ ወንድ፣ የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር ወንድ። ሴቷ ወይ እናት ናት፣ ወይ መጥተው እስኪያድኗት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከቀሩት ሦስቱም ሁለቱ የሚያልቁት በሠርግ ነው። ፊልሙን የሠራሁት እኔ አይደለሁ፣ ምን አድርግ ትዪኛለሽ አልኳት። ዳዲ፣ ወፏ እኮ ምንም አላለችም፣ ወንድ ያደረግካት አንተ ነህ አለችኝ። ቀጠለችና ስተኛ የምትነግረኝ ታሪክም ያው ነው፣ የጥጃው እንኳ የወንድ ልጅ ታሪክ ነው አለች።

እትዬ፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የጥጃውን ታሪክ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። መቂ ወንዝ ሞልቶ ጥጃችንን ሲወስደው አንቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ገመዱን ግራሩ ላይ አስረሽ፣ ጫፉን ወገብሽ ላይ ቋጥረሽ ገባሽ። እኔ ዳር ቆሜ አለቅስ ነበር። ጥጃውን ጎትተሽ አወጣሽና ገመዱን አስጨበጥሽኝ፤ ሴት ልጅ ወንዝ ገባች ከተባለ አባዬ ይገርፈኛል፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት በል ብለሽ እርጥብ ቀሚስሽን ልትቀይሪ ሮጥሽ። አባዬ ሲደርስ ያገኘው እኔንና ጥጃውን ነው። ልብሴ ደረቅ መሆኑን ያስተዋለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሰፈሩን አዞረኝ፤ እስኪሞት ድረስም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ኖረ። እኔም አላረምኩትም። ስንተጫጭ ለባየሽ ነገርኳት፤ ነፍስ ስታውቅ ለሊና ነገርኳት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንቺን ጀግንነት ለብሼ ዞርኩ።

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። ብናገር ከልጄ ዓይን እወድቃለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ያ ደብተሯ ውስጥ አሥራ ስድስተኛው ወንድ እኔ ልሆን ነው። ነገርኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ታሪክ ንገረኝ አላለችኝም። ሦስቱ ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። በአራተኛው ቀን መጥታ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር? ፈርታ ነበር? በኋላስ ተቀይማህ ታውቃለች? የቀሚስሽን ነገርኳት፣ አረንጓዴው። ሌላውን ግን አላውቅም አልኳት፤ ጠይቄሽ አላውቅማ።

ከዚያ ወረቀት ዘርግታ መሣል ጀመረች። አሥራ ሁለት ሥዕል ሣለችና ቅዳሜ በፊልም ፈንታ ይኼ ይታያል አለች። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ጋሽ ቸሩ ይህን ሲሰሙ ጠሩኝ። ስማ አሳምነው፣ ኪዶቹን ኮንፊውዝ አታድርጋቸው፣ ወንዶቹ የሴት ታሪክ ቦሪንግ ይሆንባቸዋል፣ አንተስ በገዛ ልጅህ አፍ ሰው ፊት መዋረድ ምን አመጣብህ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ለእኔ አዝነው ነው። የመጣው ይምጣ፣ እሷ ትናገር አልኳቸው።

ሥዕሎቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ታዩ። ግራሩን እዚህ የምታውቀውን ጥድ አድርጋዋለች፤ ወንዛችንንም ሚሲሲፒን አሳክላ ትልቅ የብረት ድልድይ ጥላበታለች። እኔን ዳር ላይ አፌን ከፍቼ ሳለቅስ ሥላኛለች፣ እንባዬ ከጎርፉ አይተናነስም። ማይኩን ያዘችና መቂ የሚባል ከተማ አለ፣ እዚያ ማሚት የምትባል ልጅ ነበረች ብላ ጀመረች፤ በአማርኛ። በአማርኛ ተናገሪ ያላት ሰው አልነበረም። መካከል ላይ ጥጃ የሚለው ቃል ጠፋባትና የላም ቤቢ አለች። ልረዳት አፌን ስከፍት ባየሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የማንንም እርዳታ አልጠየቀችም፣ አልቆመችም፤ እየተሰባበረችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። የአባቴ ልብስ ደረቅ ነበር፣ ማንም አላየም ስትል አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ ብልሽ እዋሻለሁ። አባዬ ተሸክሞኝ ሰፈር ከዞረበት ቀን ይልቅ የዚያን ዕለት ኮራሁ፣ በልጄም ባንቺም።

ወንዶቹ አልሰለቻቸውም፤ ጥጃውስ አድጎ ምን ሆነ እያሉ ወጥረው ያዟት። አንዱ ታዲያ ማሚት ምን ተሸለመች ብሎ ጠየቀ። ሊና እኔን አየችኝና ምንም አለች። ያኔ ጋሽ ቸሩ ከኋላ ተነሡ። ልጅቷ አሁን የት ናት አሏት። መቂ ናት፣ ሽንኩርት ታለማለች፣ አክስቴ ናት ብላ መለሰችላቸው። ጋሽ ቸሩ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሰዉም ተከተላቸው። በሌለሽበት ለአንቺ ተጨብጭቦልሻል እትዬ፣ ሰባ ከሚሆን ሰው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እማዬ እስከ ዛሬ የምታውቀው አባዬ ሲያወራው የኖረውን ነው፤ አሁንም ለጎረቤት የምትተርከው የእኔን ጀግንነት እንደሆነ ቢሊሴ በስልክ ነግራኛለች። ሳትሰማ እንዳታልፍብኝ እፈራለሁ። ደብዳቤዬን የምታነቢላት አንቺ ነሽ፤ አውቅሻለሁ ደግሞ፣ የጥጃው ላይ ስትደርሺ ዘለሽ ስለ ብርዱ ታነቢላታለሽ። ስለዚህ ወረቀቱን ለቢሊሴ ስጫትና እሷ ታንብበው። አንቺም እዚያው ቁጭ በይ፤ ማሳ ልይ ብለሽ እንዳትወጪ።

ጋሽ ዋቁማን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ ያን የእኔን ታሪክ ሲሰሙ የኖሩትን በሙሉ፣ ሰላም በይልኝ፤ ቢመቻቸው እነሱም ይምጡና ይስሙ። ሊና አክስቷን በጣም በጣም ትስምሻለች፤ ተቀይመሽኝ ታውቂ እንደሆነም መልሱን ለእሷ ጻፊላት።

ቢሊሴዬ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ እማዬ በደንብ ትስማ። እናትሽ ተይ፣ ይብቃሽ ብትልሽም አትስሚያት። ጥጃውን ያወጣችው እናትሽ ናት።

ታናሽ ወንድምሽ አሳምነው
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
የካቲት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.