ለጳጉሜ የራሷ መስመር

ማክሰኞ

ዓርብ የኮምፒውተር ሥልጠናችን ፈተና አለ። ያላለፈ ከካርድ ክፍል ተነሥቶ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይዛወራል አለን የክሊኒኩ ኃላፊ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የበሽተኛ ካርድ ሳወጣ ሳገባ ኖሬ ልብስ ማጠቢያ? አልሄድም!

አሰልጣኛችን ሰሎሞን የልጄ እኩያ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ማዘዝ አስጀመረን። ቁጥር ሲሰጡት የወር ስም እንዲያወጣ። 1 ከሆነ መስከረም በል፣ 2 ከሆነ ጥቅምት በል፣ እያሉ መቀጠል ነው። ካልነገሩት አያውቅም። ሸጋ ነገር፤ ሰውም እንዲህ በሆነ።

መነጽሬን ማክሰኝት ከተማ እህቴ ዘንድ ረስቼ መጥቻለሁ። በዚህ ላይ!

ረቡዕ

አፈርኩ። እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለቱን ጻፍኩና «ከእነዚህ ሌላ ከሆነ ጳጉሜ በል» ብዬ ዘጋሁት። ከእሷ ሌላ ምን ይቀራል ብዬ። ሰሎሞን 13 አስገባ፣ ጳጉሜ አለ። ኮራሁ። 14 አስገባ፣ ጳጉሜ። 0፣ ጳጉሜ። 77፣ አሁንም ጳጉሜ።

«ምነው እትዬ ዝናሽ፣ ደመወዝ የሌላትን ወር እንዲህ ያበዟት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጥሩወርቅማ እንባዋ መጣ። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ኖሯል። «ልብስ ማጠቢያው ቀለል ይላል» አለኝ።

«ከቀለለ እርስዎ ይሞክሩት» አልኩት። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ።

ሐሙስ

ጳጉሜን እንደ ትርፍ ዕቃ ጥግ የጣልኳት እኔው ነኝ። በጳጉሜ የተወለዱትን ሕፃናት ካርድ በእጄ እየጻፍኩ! ዛሬ «13 ከሆነ ጳጉሜ በል» ብዬ የራሷን መስመር ሰጠኋት። ለቀረው ሁሉ «እንዲህ ያለ ወር የለም በል» አልኩት። እስከ ምሳ እምቢ አለኝ፤ አንዲት ምልክት ረስቼ ነው። አልለቀቅኩትም። ከምሳ በኋላ 14 አስገባሁ፣ የለም አለ። ጥሩወርቅ የስልክ ቁጥሯን አስገባች። የለም! እኔም በተራዬ ሳቅኩባት።

ዓርብ

ፈተናው የደም ዓይነት ሆኖ መጣ። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ። አራቱንም ለየብቻ ጻፍኩ። ከአራቱ ውጭ ለሆነው «አልታወቀም፣ እንደገና ይመርመር» አልኩ።

ሰሎሞን በየኮምፒውተሩ እየዞረ፣ የደም ዓይነቱን ሳይጽፍ ባዶውን አስገባ። የጥሩወርቅ «ኦ» አለ። የሌሎች ሁለት ሰዎችም «ኦ»። ሦስቱን የደም ዓይነት ጽፈው የቀረውን ሁሉ ኦ ብለውት ኖሯል።

«ባልተመረመረ ሰው ደም ላይ?» አላቸው። ማንም አልሳቀም።

የእኔ እንደገና ይመርመር አለ። ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ። «አልፈዋል እትዬ» አለኝ።

ለኃላፊው ነገረው። «እስቲ እናያለን» አለ እሱ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ። ቁርጡን አልነገረኝም።

ይየዋ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያየኛል።